ሰማዩ ይፈሳል፣ ቧንቧው ደርቋል

የጓዳ ጥያቄ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ ከጅማ

ለዚህ ወር የመጡልኝን ጥያቄዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ውሃ ናቸው፣ አንዷ ብቻ ስለ አማቷ ነው የጻፈችልኝ፣ እሱንም አንብቤ ስጨርስ ለካ ጠቡ የተነሳው በሁለት ጀሪካን ውሃ ነው። ስለዚ ይሄን ወር በቃ ለውሃ ሰጥተነዋል። እኔም ብሆን የተለየሁ አይደለሁም፣ ይሄን የምጽፈው ቧንቧዬ ከደረቀ 17 ቀን ሆኖት፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየደበደበ ነው፣ ድምፁ ሲበዛ ሰው የሚያሾፍብኝ ነው የሚመስለኝ።

«እትዬ እንደምን ከረምሽ። የምንኖረው ኮቺ ነው። ውሃ ከጠፋ ሶስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ቤት ውስጥ ስድስት ነን፣ ሁለቱ ህጻናት ናቸው። በጋሪ የሚመጣውን ጀሪካን እየገዛን ነው ግን ዋጋው ዛሬ የተናገሩትን ነገ አይደግሙትም። ባለቤቴ ሮቶ እንግዛ ይላል፣ እኔ ደሞ ምን ልሞላበት ነው እላለሁ። ለአንድ ቤተሰብ ስንት ጀሪካን ነው የሚበቃው? እንዴትስ ነው የምናብቃቃው?» ከኮቺ

እህቴ፣ የሮቶውን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። በችግር ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ተብሎ ነው የሚያዘው፣ የእርዳታ ሰዎች መጠለያ ሲያቋቁሙ የሚነሱበት ልክ ነው፣ መጠጡም ማብሰያውም መታጠቢያውም እዛው ውስጥ ነው። ለስድስት ሰው 90 ሊትር፣ በባለ 20ው ጀሪካን አራት ተኩል ማለት ነው በቀን። ይሄን ሁሉ በጋሪ ልግዛ ካልሽ ቤቱን ያራቁተዋል። ግን ከ90ው ውስጥ አፍ የሚገባው ስንቱ ነው? ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው 6 ወይ 7 ሊትር ብትይዢ ለቤቱ ሁለት ጀሪካን ገደማ ነው። የቀረው እጅ ነው፣ ገላ ነው፣ ሳህን ነው፣ የህጻን ልብስ ነው፣ ወለል ነው፣ ሽንት ቤት ነው።

እኔ ቤት ውሃ ሶስት ስም አለው። የአፍ ውሃ፣ የገላ ውሃ፣ የወለል ውሃ። የአፍ ውሃ የሚጠጣው፣ የሚበሰልበት፣ ጥርስ የሚፋቅበትና ሳህን ለመጨረሻ ጊዜ የሚለቀለቅበት ነው። የገላ ውሃ ለመታጠቢያና ለልብስ። የወለል ውሃ ደሞ አንዴ የሰራ ውሃ ነው፣ ልብስ የታጠበበት፣ ሰው ገላውን ሳፋ ውስጥ ቆሞ የታጠበበት፣ እሱ አይደፋም፣ ሽንት ቤት ይወርዳል ወይ በረንዳ ይጠርጋል። ብር የምታወጪው ለአፍ ውሃ ብቻ ይሁን፣ ሌላውን ሰማይ ይስጥሽ።

አሁን ወደ ጣራው እንውጣ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፣ ትልቁም ድርሻ የሚወርደው አሁን በክረምቱ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ቤትሽ 8 በ6 ቢሆን ጣራው 48 ካሬ ነው፣ አሸንዳ ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው እንበል፣ 24 ካሬ። አንድ ጥሩ ከሰዓት በኋላ 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ 240 ሊትር ይወርዳል፣ የሚረጨውና የሚፈሰው ሲቀነስ 190 አካባቢ እጅሽ ይገባል፣ ዘጠኝ ጀሪካን ተኩል! የሁለት ቀን ውሃ ማለት ነው፣ ያውም ከግማሽ ጣራ። አሸንዳ ከሌለሽ ደሞ ቀጥ ያለ ላሜራ ወይ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ በሽቦ ማሰር ነው፣ እኔ የጀመርኩት እንደዛ ነው፣ ያምራል አልልሽም ግን ይሰራል።

ብቻ የመጀመሪያውን ውሃ እንዳትይዢ። ጣራው ላይ የወፍ ኩስ አለ፣ የእንጨት ጭስ ጥቀርሻ አለ፣ በእኛ ሰፈር ደሞ ጦጣውም እዛው ነው የሚውለው። ከሁለት ሶስት ቀን ፋታ በኋላ የጣለ ዝናብ ከሆነ የመጀመሪያውን 10 ወይ 15 ደቂቃ መሬት ይጠጣው፣ በየቀኑ እየዘነበ ከሆነ ትንሽ ይበቃዋል፣ ለግምት ለእያንዳንዱ ካሬ ጣራ አንድ ሊትር ያህል። የአቮካዶ ዛፍ ጣራው ላይ ካጎነበሰ ቅርንጫፉን ቁረጡት፣ ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍንና ውሃው በግድግዳ ይወርዳል፣ ከዛ የጭቃ ቤት ከሆነ የውሃ ሳይሆን የግድግዳ ጥያቄ ነው የምትልኪልኝ።

ይሄ የጣራ ውሃ ለገላና ለልብስ እንዳለ ይሆናል፣ እንደውም ሳሙና ቶሎ ያረፋል። አፍ ውስጥ ይግባ ካልሽ ግን ማከም አለብሽ፣ ይሄ ላይ ቀልድ የለም። ንፁህ ነጠላ አራት አጥፈሽ አጥልዪው፣ ካልጠራ ሌሊቱን አሳድሪውና ከላይ ከላዩን ቅጂ። ከዛ ወይ ማፍላት ነው ወይ መድኃኒት። ጅማ ከባህር ወለል 1700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይሞላ ነው የሚፈላው፣ ቢሆንም እየተፍለቀለቀ 1 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ያሉ ዘመዶችሽን ግን 3 ደቂቃ በያቸው። በክረምት ከሰሉም እርጥብ ነው ዋጋውም አይቀመስም፣ ስለዚ እኔ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን መድኃኒት ነው የምመርጠው፣ ፋርማሲ ወይ ጤና ጣቢያ ጠይቂ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረሽ፣ ነቅንቀሽ፣ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ጎረቤት በረኪናም እኮ ያው ነው ሊልሽ ይችላል። ነገሩ በመሰረቱ አንድ ነው፣ ግን ሱቅ የሚሸጠው በረኪና ብዙ ጊዜ ጥንካሬው ስንት እንደሆነ አይጻፍበትም፣ ሽታ የተጨመረበትም አለ፣ እኔ ጥንካሬውን የማላውቀውን ነገር ለህጻን አላጠጣም። ሃይላንድ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ የሚባለውም እውነት ነው፣ ጠራራ ላይ ለ6 ሰዓት ያህል፣ ግን ሐምሌ ላይ ጅማ ውስጥ ጠራራ የት አለ፣ ለጥር አስቀምጪው።

ወይራ ማጠንም አለ። እናቴ እንስራውን ሳታጥን ውሃ አትሞላም ነበር፣ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ። አጥኚው፣ ደስ ይላል፣ ግን ጭሱን እንደ መድኃኒት እንዳትቆጥሪው።

የባልሽ ሮቶ፦ ግዙ፣ ግን የት እንደምታስቀምጡት አስቀድማችሁ አስቡ። 1000 ሊትር ሲሞላ አንድ ቶን ነው፣ ስምንት ዘጠኝ ኩንታል ጤፍ ሳይሆን አስር። እኔ ከዓመታት በፊት ባህር ዛፍ ላይ አሰቅዬ፣ ሰራተኛውም «ይሄ ዝሆን ይሸከማል» ብሎኝ፣ ነሐሴ ላይ መሬቱ ሲርስ አንዱ እግር ሰመጠና ሮቶው ቀስ ብሎ ኩሽናው ላይ ተጋደመ። ሰው አልተጎዳም፣ ግድግዳው ግን ሄደ። ቁመቱ ይቅርባችሁ፣ መሬት ላይ ድንጋይ ተነጥፎ ሲሚንቶ ተደርጎ ይቀመጥ፣ ሮቶው ከታች ቧንቧ ካለው፣ ጀሪካን ለመቅዳት የግማሽ ሜትር ከፍታ በቂ ነው። ብሩ ካልደረሰ ሁለት በርሜልም ይሆናል፣ የምግብ ዘይት እንጂ ኬሚካል ያልነበረበት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ሁሉም ክዳን ይኑረው። ክፍት ውሃ ላይ ትንኝ እንቁላሏን ጥላ ሳምንት አስር ቀን ሲሆነው ወጥታ ትበራለች፣ እኛ ደሞ ከክረምት መውጫ ወባው አይቀርልንም፣ በራሳችን በርሜል አናርባት።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምለው ዝናብ እየዘነበ፣ አዌቱ ሞልቶ ድልድይ ሊነካ እየደረሰ እንዴት ነው ውሃ የሚጠፋው? በጋ ቢሆን ይገባኛል። ሰፈር ውስጥ ሆን ተብሎ ነው የሚሉ አሉ።» ከአጂፕ

ወንድሜ፣ ሰፈር የሚለውን ሰምቻለሁ፣ እኛ ሰፈር ደሞ ውሃውን ለሆቴሎች ሸጡት ነው የሚባለው፣ በየሰፈሩ ልዩ ልዩ ሴራ አለ። የእኔና ያንተ መስመር ዛሬ ምን እንደነካው የውሃ ጽህፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ግን በክረምት ውሃ መጥፋቱ ራሱ እንቆቅልሽ አይደለም። ከወንዝ ውሃ የሚስብ ማጣሪያ በጋ ላይ የሚገባለት ውሃ የጠራ ነው፣ ክረምት ላይ ግን ጎርፉ አፈሩን ይዞ ነው የሚገባው፣ ማክያቶ ነው የሚመስለው። ጭቃው እንዲረጋ አሉም ይጨመርበታል፣ ጭቃው ሲበዛ አሉሙም ይበዛል፣ የአሸዋ ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፣ ለማጠብ ይቆማል፣ የሚያጠቡበትም ያው የተጣራ ውሃ ነው። አንዳንዴ ከዛ ሁሉ ጭቃ ጋር ከመታገል መግቢያውን መዝጋት ይሻላቸዋል። በዛ ላይ ነጎድጓዱ መብራት ይወስዳል፣ መብራት ከሌለ ፓምፕ የለም፣ ፓምፕ ከሌለ ከፍ ያለ ሰፈር ያለው ነው መጀመሪያ የሚደርቀው፣ መብራቱ ተመልሶም መጨረሻ የሚያገኘው እሱ ነው። መሬቱም ሲርስ ይንሸራተታል፣ አሮጌ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ይለቃል፣ ኤክስካቫተር የቆረጠው ደሞ አለ። ክረምት ላይ የተሰበረ ቱቦ ለማግኘት ያለውን መከራ አስበው፣ በበጋ እርጥብ ያለበትን ቦታ ታያለህ፣ አሁን ግን አገሩ ሁሉ እርጥብ ነው። ስለዚ ሰፈራችሁ ውስጥ ዝናብ ሳይኖር ዝም ብሎ የሚፈስ፣ ጠርቶ የሚፈልቅ ነገር ካያችሁ ሄዳችሁ ንገሩ፣ ምንጭ ላይሆን ይችላል።

«እትዬ፣ ጎረቤታችን ሞተር ገዝቶ ቀጥታ መስመሩ ላይ አስሮታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ትንሽ ጠብ ስትል እሱ ስቦ ይጨርሳታል፣ እኛ ፉጨት ብቻ ነው የምንሰማው። እኛም እንግዛ ወይ?» ከመርካቶ

ኧረ ተዉ። አንተ ስትገዛ ከጀርባህ ያለው ይገዛል፣ ከዛ ሁላችሁም አየር ትስባላችሁ። የጎረቤት ነገር ብቻ ቢሆን እሺ፣ የጤና ጉዳይ ነው። ቱቦ በግፊት ሲሞላ የተሰነጠቀ ቦታ ቢኖር ውሃው ወደ ውጪ ነው የሚወጣው። ሞተር ከባዶ መስመር ሲስብ ግን ነገሩ ይገለበጥና በዛው ስንጥቅ የቦዩ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አሁን ደሞ ቦዩ ሙሉ ነው፣ ምን እንደሚሄድበት ታውቃለህ። ጎረቤትህ እየሳበ ያለው ውሃ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ይሄን ንገረው፣ ስለ መብት ከምታወራለት ስለ ሆዱ ብታወራለት ይሰማሃል። ሞተሩን መጣል የለበትም፣ መሬት ላይ በርሜል ወይ ታንከር አስቀምጦ፣ ውሃው በራሱ ጉልበት ይግባበት፣ ሲሞላ በኳስ የሚዘጋ መክፈቻ ይኑረው፣ ሞተሩ ከዛ ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ ይግፋ። ይሄ ማንንም አይነካም። ለአንተ ደሞ ግቢህ ውስጥ ዝቅተኛውን ቦታ ፈልገህ ቆጣሪው አጠገብ አንድ ቧንቧ አስወጣ፣ ደካማ ግፊት ፎቅ አይወጣም እንጂ ጉልበት ድረስ ይወጣል።

«የአከራዬ ግቢ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ አለ፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው ምንም አይሸትም፣ አከራዬ 20 ዓመት ጠጥተነዋል ምንም አልሆንም ይላሉ። እኔ የአራት ወር ልጅ አለችኝ።» ከቦሳ አዲስ

ለልጅሽ አይሆንም። ይሄን ካልኩ በኋላ ላብራራ። የጉድጓድ ውሃ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት ይባላል። አንድ 200 ካሬ ግቢ 10 በ20 ነው፣ ከዚህ ጥግ እስከዛኛው ጥግ በሰያፍ ብትለኪው 22 ሜትር ነው። ስለዚ በአንድ ግቢ ውስጥ ጉድጓድና ሽንት ቤት 30 ሜትር ሊራራቁ ጭራሽ አይችሉም፣ የጎረቤቱን ሽንት ቤት ገና አልቆጠርንም። በክረምት ደሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል፣ ሁለቱ ከስር ይገናኛሉ ማለት ነው። ጥርት ማለቱ ምንም አይነግርሽም፣ ጀርም አይታይም። አከራይሽ አልዋሹም፣ ትልቅ ሰው ሆዱ ይለምዳል፣ የአራት ወር ሆድ ግን ምንም አልለመደም።

ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ግን ከሽንት ቤት የሚመጣ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ሲፈላ አይጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንደውም ይወፍራል፣ ከስድስት ወር በታች ያለ ህጻን ዱቄት ወተት በሱ ከተበጠበጠለት ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ጡት የምታጠቢ ከሆነ ጥሩ፣ እስከ ስድስት ወር ውሃም አያስፈልጋትም፣ አንቺ ብቻ የታከመ ውሃ በደንብ ጠጪ። ጣሳ ወተት ከሆነ በታሸገ ውሃ ወይ ንፁህ አድርገሽ በያዝሽውና ባፈላሽው የዝናብ ውሃ ይሁን። ጉድጓዱን ለወለልና ለጂንስ ተጠቀሙበት፣ አፉ ይከደን፣ ዙሪያው ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይገንባ፣ ባልዲው መሬት ላይ አይቀመጥ።

እግረ መንገዴን፣ ልጅ ሆዱ ተላቆ ቢያስቀምጠው ኦአርኤስ እቤት ይኑር። ከሌለ በ1 ሊትር ንፁህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የማንኪያው አፍ ተላግቶ፣ ጨው አይብዛ። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ከሆነ ወይ ህጻኑ ከደከመ ወይ የአራት ወር ከሆነ ግን እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፣ ቤት አትጠብቁ።

«ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነኝ ብቻዬን። ውሃ ተሸክሜ መውጣቱን ለመድኩት፣ ሽታው ነው ያስመረረኝ። በየቀኑ በዲቶል አጸዳለሁ፣ ማታ ይመለሳል።» ስሜ ይቅር

ሽታው የሚመጣው ከወለሉ ላይ ካለችው የሻወር መውረጃ ነው። ስሯ የተጠማዘዘ ቱቦ አለ፣ እዛ ውስጥ ሁሌ ትንሽ ውሃ ተኝቶ የፍሳሹን አየር ይዘጋል፣ ሻወር ካልወሰድሽ ወይ ካልወሰድክ (ስም ስለሌለ ነው) ይደርቅና በሩ ይከፈታል። በየሁለት ሶስት ቀኑ አንድ ብርጭቆ የወለል ውሃ በየመውረጃው ማፍሰስ፣ የእቃ ማጠቢያውም ጭምር። ዲቶሉን ለእጅ አቆዪው። ሽንት ቤቱ ላይ ደሞ ላዩ ላይ ያለውን ሳጥን መሙላት ኪሳራ ነው፣ 5 ሊትር ባልዲ ከፍ አድርጎ አንዴ በኃይል መድፋት፣ በስሱ ቢያፈሱት 15 ሊትር እንኳ ጠርጎ አይወስደውም። ለእጅ መታጠቢያ ሃይላንድ ክዳኑን በጋለ ምስማር ቀዳድቶ መስቀል ነው፣ በጆግ ከመቅዳት ሩቡን ነው የሚፈጀው።

«አሰላሙ አለይኩም። ለውዱእ የጣራ ውሃ ይሆናል? ቤት ውስጥ ሁለታችን አዛውንቶች ነን፣ በቀን አምስቴ ሲሆን ውሃው ይሰማናል።» ከጂሬን

ወአለይኩም ሰላም አባቴ። የዝናብ ውሃ ጠሃራ ነው፣ ይሄን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፣ ዝርዝሩን የሰፈሩ ኡስታዝ ይንገርዎት። እኔ የማክለው የጓዳውን ነው፣ ነቢዩ በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ ነበር ይባላል፣ ሙድ ማለት በሁለት መዳፍ አንድ እፍኝ ነው፣ ሊትርም አይሞላ። ቧንቧ ሲኖር ነው የተበላሸነው። አንገቷ ቀጭን የሆነች ማንቆርቆሪያ ይጠቀሙ፣ ስሯ ሳፋ ያድርጉ፣ የተጠራቀመው ጓሮ ጎመኑን ያጠጣል። ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ደሞ ለጠዋቱ ምድጃ ዳር ያሳድሩት።

«እትዬዋ በዝናብ ውሃ የተፈላ ቡና ጣዕሙ ልክ አይደለም ትላለች እናቴ፣ እውነት ነው ወይስ ሙዷ ነው?» ከሂርማታ

እናትሽ ልክ ናት። የዝናብ ውሃ ከመሬት ምንም ማዕድን አልወሰደም፣ ቡና ደሞ ጣዕሙን የሚያወጣው ትንሽ ማዕድን ባለው ውሃ ነው፣ ለዚህ ነው ትልልቆቹ የምንጭ ውሃ የሚሉት። በዛ ላይ ጥቀርሻ ካለበት ጣራ ከተቀዳ አቦሉ ራሱ ጭስ ጭስ ይላል። እኔ ግማሽ በግማሽ አደርገዋለሁ፣ የተገዛውን ከጣራው ጋር። ጅማ ተቀምጠን ቡና ላይ ማላገጥ አይሆንልንም፣ በረካው ቢቀር ይቅር እንጂ አቦሉ ይስተካከል። ውሃ አጋር የገባበትን ለቡና አትጠቀሙበት፣ ጀበና ውስጥ እየፈላ አይደል እንዴ፣ ለምን ሁለቴ ይታከማል።

«እሰይ ትናንት መጣልን! ግን እንደ ሻይ የቀላ ነው፣ ከመምጣቱ በፊት ደሞ ቆጣሪው በንፋስ ሲሽከረከር ነበር። የንፋስ ልንከፍል ነው?» ከፈረንጅ አራዳ

እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ቀናሁ። አዎ፣ አየሩ ሲገፋ ቆጣሪውን ያዞረዋል፣ ከውሃም ሊፈጥን ይችላል። ለሚቀጥለው (ይኖራል) ውሃ ሲጠፋ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጉት፣ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ጎረቤት ጋር መምጣቱን ስትሰሙ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት። ቤት ውስጥም አንድም ቧንቧ ተከፍቶ እንዳይቀር፣ እኔ አንዴ ገበያ ሄጄ ስመለስ ሳሎኔ ውስጥ ጫማዬ ይዋኝ ነበር። ቅላቱ በባዶው ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ ዝገትና ጭቃ ነው፣ ውሃው ሲመጣ ጠርጎት ነው የሚወጣው። መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱ፣ በባልዲ ተቀበሉት፣ ለሽንት ቤት ይሆናል፣ እስኪጠራ ጠብቁ። እስከዛ ወደ ሮቶ አታስገቡ፣ ቦይለር አታብሩ፣ የመስከረምን ዩኒፎርም ነጭ ሸሚዝ በፍጹም አትንከሩ፣ የዝገት እድፍ በረኪና ሲነካው ይብስበታል። የቧንቧውን አፍ ፈትታችሁ ወንፊቷን አራግፉ፣ ሁሌ እዛ ጠጠር አለ። ከጠራም በኋላ ሁለት ሶስት ቀን የሚጠጣውን አክሙት፣ ባዶ በነበረ ጊዜ ምን እንደገባበት አይታወቅማ። ሮቶው ባዶ ከሆነ ደሞ አሁን ነው የሚታጠበው፣ ስሩ ላይ ያለውን ደለል ስታዩ ለወራት ምን ስትጠጡ እንደነበር ትገረማላችሁ። ጀሪካኖቹንም ጠጠርና ኦሞ ጨምራችሁ ናጧቸው።

የአማቷ ነገር። ልጅት እንዲህ ነው ያለችው፦ «ከሩቅ ይዤ የመጣሁትን ሁለት ጀሪካን ንፁህ ውሃ አማቴ የእግር መታጠቢያና የሲኒ ማጠቢያ አድርገው ጨረሱት፣ ስናገር ውሃ ለሽማግሌ ይሰሰታል ወይ ብለው ለልጃቸው አለቀሱ። ምን ላድርግ?»

የኔ እህት፣ ጀሪካኖቹ መልካቸው አንድ አይነት ቢጫ አይደል? እንዴት ይወቁት ታዲያ። የአፍ ውሃው እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሪ፣ የገላው ላይ ነጭ፣ የወለሉን እንዳለ ተዪው። ከዛ ቀዩን ለሳቸው አስረክቢ፣ «እማዬ ይሄን ልጆቹ እንዳያባክኑት እርስዎ ይያዙልኝ» በይ፣ ብርጭቆውም ሳቸው ጋር ይሁን። እግራቸውን ደሞ ማታ ማታ በሞቀ የዝናብ ውሃ አንቺ እጠቢላቸው።